ሞተሩ የት ነው?

ሰውዬው ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ ሆቴሉ ገባ። መኪናውን ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ሦስተኛው ወለል ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የምንተወው ቦታ አለ። አቆምኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። ግን ቶሎ አልወጣሁም። ከማጅራቴ ኋላ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የጋለ ብረት እየቀዘቀዘ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሙቀቱ በወንበሩ በኩል ጀርባዬ ድረስ ይመጣል።

ስወጣ ጋሼ ቆመው ያዩኛል።

"ሞተሩ የት ነው?" አሉኝ።

"ኋላ ነዋ።"

"ኋላ አይደለም። ና ወዲህ።" እጄን ይዘው የኋላው ክዳን ላይ አሳረፉት። ይፋጃል። "የሞቀው ቦታ ሞተሩ ነው። አሁን ጎማውን እይ። ሞተሩ ከኋላ ጎማው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ወዲህ፣ ወደ ሹፌሩ በኩል ከሆነ መሃል ሞተር ነው። ከጎማው አልፎ ወዲያ ከሆነ ነው ኋላ የሚባለው። ይህን ለይ። የመኪና ጠባይ የሚጀምረው ከዚህ ነው።"

ጋሼ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ሶማሌ ተራ መካኒክ ነበሩ። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። እኔም ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በእነዚያ ዓመታት በሕይወቴ ልገዛቸው የማልችላቸውን መኪኖች በእጄ አንቀሳቅሻለሁ። ከአንድ መቶ ሜትር በላይ የነዳሁት የለም። ቢሆንም መኪናን በዝግታ፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ከውስጥም ከውጭም ደጋግሞ ማየት የሚያስተምረው ነገር አለ። የጋሼን ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትቼው አላውቅም። ዛሬም አንድ ስፖርት መኪና ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ፍጥነቱን ወይም ዋጋውን አይደለም። ሞተሩ የት ነው?

ነገሩ የጀመረው ግን ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ ክሬም ቀለም ቮልስ ነበረው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ላይ ሞተር ላሳያችሁ ብዬ የሰፈር ልጆች ሰበሰብኩና የፊቱን ኮፈን ከፈትኩ። ትርፍ ጎማ ተኝቶበታል። ከጎማው ኋላ የቤንዚን ታንከሩ አለ። ሞተር የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ዝም ብለው አዩኝ። አባዬ ወጥቶ ምንም ሳይናገር ወደ ኋላ ወሰደን፣ የኋላውን ክዳን አነሳ። ትንሽዬ፣ ጥቁር፣ አቧራ የለበሰ ሞተር ጎማዎቹን አልፎ ተቀምጧል። "ይሄ ውኃ አይጠጣም" አለን። ራዲያተር የለውም ማለቱ ነው። በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሌላው መኪና ዳር ይዞ እንፋሎት ሲተፋ የእኛ ቮልስ እያጉረመረመ ያልፍ ነበር።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳያውቀው ሦስቱንም ዓይነት ያውቃል። ላዳ ታክሲ ሞተሩ ፊት ነው። ቮልስ ኋላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሞተሩ ላይ ነው የተቀመጠው። በተለይ ከሹፌሩ ቀጥሎ ያለችው የመሃል ቦታ፣ በጋ ላይ ስታቃጥል የማያውቃት የለም። ያ ሙቀት ከወንበሩ ሥር ካለው ሞተር የሚመጣ ነው። ከሚሊየነር መኪና ወንበር ኋላ የሚመጣውም ሙቀት ያው የሞተር ሙቀት ነው።

ቦታው ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይታያችሁ። አንድ ረጅም አጣና ትከሻችሁ ላይ አጋድሙና ጀሪካኖቹን በሁለቱ ጫፍ አንጠልጥሉ። አሁን ባላችሁበት ዙሩ። ለመጀመር ይከብዳል። ከጀመራችሁ በኋላ ደግሞ ማቆም ይከብዳል፤ አጣናው ይዟችሁ ይሄዳል። አሁን ጀሪካኖቹን ወደ አንገታችሁ አስጠጓቸውና እንደገና ዙሩ። ቀለለ። ውኃው አልቀነሰም፤ ተሸካሚውም ያው ነው። የተለወጠው ክብደቱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ሞተር ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ከባዱ ነው ማለት ይቻላል። ፊት ጫፍ ላይ ከሆነ መኪናው ኩርባ ላይ አፍንጫውን ለማዞር ይታገላል። ኋላ ጫፍ ላይ ከሆነ ጅራቱ እንደ አጣናው ጫፍ ይወዛወዛል። መሃል ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ከሆነ መሪውን ስትነኩት ይታዘዛል። ሌላም አለ። ሚኒባስ ድንገት ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚንጋለለው፣ መኪና ሲፈተለክ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ሞተሩ እዚያው አጠገብ ካለ የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክሰው ይይዛሉ። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ጎማው በከንቱ እየተሽከረከረ እንዳይቀር የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

የመኪና ውድድር ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1958 የአርጀንቲና ግራንድ ፕሪ ላይ ሹፌሩ ስተርሊንግ ሞስ ሞተሯ ከጀርባው በሆነች ትንሽ ኩፐር መኪና አሸነፈ። በ1959 እና በ1960 ጃክ ብራብሃም በኩፐር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሞተሯ ፊት የሆነ መኪና ለመጨረሻ ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈችው በ1960 ሞንዛ ላይ ነው። የፌራሪ መኪና ነበረች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በውድድር ሜዳ አለቀ። ኤንዞ ፌራሪ ግን "ጋሪውን ፈረስ ይጎትተዋል እንጂ አይገፋውም" የሚል ሰው እንደነበር ይነገራል። ለውድድሩ እጁን ሰጠ። ለደንበኞቹ በሚሸጠው ትልቁ ባለ 12 ሲሊንደር መኪና ላይ ግን ገና አልተሸነፈም።

ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በምትባል የጣሊያን ትንሽ ከተማ፣ በትራክተር ገንዘብ ያገኘው ፌሩቾ ላምቦርጊኒ በ1963 የመኪና ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። የእሱ ወጣት ሠራተኞች፣ መሐንዲሶቹ ጃን ፓኦሎ ዳላራና ፓኦሎ ስታንዛኒ፣ እንዲሁም ኒውዚላንዳዊው የሙከራ ሹፌር ቦብ ዋላስ፣ ሁሉም ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም። ቪ 12 ሞተሩን ከሹፌሩ ጀርባ ለማስገባት አሰቡ። ችግሩ ርዝመቱ ነው። 12 ሲሊንደር ረጅም ነው፤ ከኋላው ካምቢዮ ሲጨመርበት መኪናው አውቶቡስ ያክላል። ስለዚህ አጋደሙት። ትንሿ የእንግሊዝ ሚኒ እንደምታደርገው ሞተሩን በጎን ወርድ አስቀመጡት፤ ካምቢዮውንም ከሞተሩ ጋር በአንድ ብረት ውስጥ አዋሃዱት።

በ1965 ቱሪን ላይ ያሳዩት ባዶ ሻንሲ ነው። አካል የለውም። ብረት፣ ጎማና የተጋደመ ሞተር ብቻ። ያየው ሰው ግን ገባው። ሻንሲውን የ27 ዓመቱ ማርቼሎ ጋንዲኒ ቤርቶኔ ስቱዲዮ ውስጥ አለበሰው። በማርች 1966 ጄኔቭ ላይ ሚዩራ ተብላ ወጣች።

አንዲት ሚዩራ በቅርብ አይቻለሁ። ሆቴላችን በር ላይ አይደለም፤ አንድ እሁድ ጠዋት ቨርጂኒያ ውስጥ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ነው። ብርቱካን ነበረች። አጠገቧ ስቆም ጣሪያዋ ወገቤን ብዙም አያልፍም። ከመሬት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ብቻ ናት። ፊቷ ዝቅ ያለው ሞተር ስለሌለበት ነው። የኋላ ፓራፋንጎዋ እንደ ዳሌ ያበጠው ሞተርና ሰፋፊ ጎማ ስለተሸከመ ነው። የኋላ ክዳኗ ላይ መስታወት የለም፤ እንደ መስኮት መከለያ የተደረደሩ ጥቁር ዝርግ ብረቶች አሉ፤ ሙቀቱ በመካከላቸው እንዲወጣ ነው። ከበሩ ኋላ ያሉት ክፍተቶች አየር የሚስቡ ናቸው። ቆሜ እያንዳንዱን ነገር ጠየቅኩት። ይሄ ለምን እዚህ ሆነ? ሁሉም መለሰልኝ። ለጌጥ ብቻ ያገኘሁት የፊት መብራቶቹ ዙሪያ ያሉትን እንደ ቅንድብ የተሰደሩ ጥቁር መስመሮች ነው፤ እነሱም እኔን አልከፉኝም።

ሚዩራ እንከን አልነበራትም ማለቴ አይደለም። የነዳጅ ታንከሯ ፊት ነው። ነዳጁ እየጎደለ ሲሄድ ፊቷ ይቀልላል፣ በከፍተኛ ፍጥነት አፍንጫዋ ይነሳል፣ መሪውም ይቀላል። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋሩ ነበር፤ ያ የተስተካከለው መጨረሻ ላይ በወጡት ላይ ነው። እስከ 1973 ድረስ የተሠሩት 760 ገደማ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከእሷ በኋላ "ውድ ስፖርት መኪና ሳል" የተባለ ልጅ ሁሉ የሚስለው ቅርጽ የእሷን ነው። አጭር ፊት፣ ወደ ፊት የተጠጋ ጎጆ፣ ከባድ ዳሌ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ የምንለው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው። ያመጣው ታሪክ መራራ ነው። ቃላቱ ግን ቀሩ። ዳላራና ስታንዛኒ ሚዩራን ሲሠሩ በአፋቸው የነበሩት ቃላት ሶማሌ ተራ መካኒክ የሚጠራቸው ናቸው። ጋሼ ካምቢዮ ሲሉኝ ይህን አስቤ ገርሞኛል።

የሞተሩን ቦታ የሚመርጠው መሐንዲስ ነው። ብሩን የሚያወጣው ሰው የሚገዛው ግን በአብዛኛው ያ ምርጫ ያመጣውን ቅርጽ ነው። ይህን የምለው ቁልፍ ተቀብዬ ስላየሁ ነው። የመሃል ሞተር መኪና ባለቤት ከመኪናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ይሄድና ዞሮ ያያል። ሳያይ የገባ አላስታውስም። ኩርባ ላይ ያለውን ጠባይ እስከ ጥጉ የሚፈትነው ስንቱ ነው? ዋሽንግተን ውስጥ የት ይፈትነዋል? ቅርጹን ግን በየቀኑ ያየዋል። እኔ ይህን እንደ ውሸት አላየውም። ቅርጹ እውነት እስከተናገረ ድረስ፣ ማለትም ያበጠው ቦታ ውስጥ የሚያሳብጥ ነገር እስካለ ድረስ፣ ገዢው ያየውን ነው የገዛው።

ፌራሪም በመጨረሻ ተከተለ። መጀመሪያ በትንሹ ዲኖ በኩል፣ የፌራሪን ስም ሳይለጥፍበት። ከዚያ በ1973 ባለ 12 ሲሊንደሩ ቢቢ መሃል ሞተር ሆኖ ገበያ ላይ ወጣ። የቢቢ ታሪክ የሚያስተምር ነው። ራዲያተሩ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ስለነበር የፈላ ውኃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በተሳፋሪው አጠገብ ያልፋሉ። ውስጡ ይግላል። የጋቢናዋ ችግር ማለት ነው፤ ሀብታም ደግሞ ለዚያ አይከፍልም። በ1984 ቴስታሮሳ ሲመጣ ራዲያተሮቹን ወደ ኋላ፣ ከበሮቹ ቀጥሎ ወዳለው ጎን ወሰዷቸው። ለዚያ ትልቅ የአየር መግቢያ አስፈለገ። ክፍት እንዳይሆን በረጃጅም አግድም ዘንጎች ሸፈኑት። በሩ ላይ ተጀምረው እስከ ኋላ የሚሄዱት እነዚያ መስመሮች፣ አንድ ትውልድ በግድግዳ ፖስተር ላይ ያየው ጌጥ፣ ከሙቀት ቅሬታ የተወለዱ ናቸው። መኪናው ኋላው ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም እስከማይቀረው ድረስ የሰፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ብዙ ሰው ያልጠበቀው መጣ። በ1996 ፌራሪ 550 ማራኔሎን አወጣ። ቪ 12 ሞተሩ ፊት ተመልሷል። ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሞተሩን ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ካምቢዮውን ደግሞ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ወሰዱት። ክብደቱ ከሞላ ጎደል እኩል ተከፈለ። ገዢውም ዕቃ የሚጭንበት ቦታ፣ ኋላ የሚያይበት መስታወትና ረጅም ኮፈን አገኘ። እኔ ሁለቱንም አቁሜያለሁ። መሃል ሞተር የሆነውን ወደ ኋላ መንዳት ዓይን ሸፍኖ እንደ መሄድ ነው። የድሮው ላምቦርጊኒ ካውንታሽ ሹፌሮች በሩን ወደ ላይ ከፍተው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ኋላ እያዩ ነበር የሚያቆሙት፤ ለምን እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። ፊት ሞተር የሆነው ግን እንደ ማንኛውም መኪና ይታዘዛል። ፓርኪንግ ሠራተኛ እንደመሆኔ ያኛውን እመርጣለሁ። ዓይኔ ግን መሃል ሞተሩ ላይ ይቀራል።

የሁለቱ ገዢ አንድ ሰው አይደለም። ረጅሙን ኮፈን የሚገዛው ሰው ሻንጣ ይዞ፣ ከባለቤቱ ጋር፣ ከሩቅ ከተማ ነድቶ ይመጣል። መሃል ሞተሩን የያዘው ቅዳሜ ማታ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሰፈሩም ከሆቴሉ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ፖርሽ 911።

አንድ የዝናብ ቀን ሸምገል ያለ ሰው አሮጌ 911 ይዞ መጣ። በአየር የሚቀዘቅዘው፣ የ1980ዎቹ። መኪናው ገና ጥግ ሳይዞር ድምፁን ሰምቼ ቀና አልኩ። የአባቴ ቮልስ ድምፅ ነው! የወፈረ፣ የተቆጣ፣ ግን ያው ድምፅ። ያ የደረቀ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንከተከት ነገር ከሥሩ አለ። ዝምድናው እውነተኛ ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ፖርሽ የሚባለው ፋብሪካ የመጀመሪያ መኪኖቹን የሠራው በቮልስ ዕቃ ነው። 911ም ያንን መንገድ ተከትሎ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ወጣ። መጀመሪያ ስሙ 901 ነበር። ፔጆ መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ ዜሮው በአንድ ተተካ።

በፊዚክስ ከሄድን የ911 ሞተር ያለቦታው ነው። ስድስቱም ሲሊንደሮች ከኋላ ጎማው አልፈው ጫፍ ላይ ናቸው። የአጣናው ጫፍ ላይ ያለው ጀሪካን ማለት ነው። ኩርባ መሃል ላይ ሹፌሩ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ካነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ይለቃሉ፣ ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይመጣል። ፖርሽ መጀመሪያ አካባቢ ፊቱን ለማክበድ ፓራውልቱ ውስጥ፣ ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ፣ የብረት ክብደት እስከመጨመር ደርሷል። ለ1969 ሞዴል ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አራቀ። ሞተሩ አልተነካም፤ ጎማው ነው ወደ ሞተሩ የሄደው። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሰው የሚወደውን ነገር ትቶ ሌላውን ሁሉ ሲያስተካክል እንዲህ ነው።

በ1970ዎቹ የፖርሽ አለቆች ራሳቸው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ተተኪ ሠሩ፤ 928። ቪ 8 ሞተሩ ፊት፣ ካምቢዮው ኋላ፣ ክብደቱ የተመዛዘነ፣ ውስጡ የሚመች። በ1977 ወጣ፤ የ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። በወረቀት ላይ ከ911 በሁሉም ነገር ይበልጣል ማለት ይቻላል። ገዢው ግን 911ን አልተወም።

በ1981 መጀመሪያ ላይ ፒተር ሹትዝ የሚባል ጀርመን የተወለደ አሜሪካዊ ፖርሽን ሊመራ መጣ። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ የዋና መሐንዲሱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መኪና የወደፊት ዕድል በመስመር ተሥሎ ነበር። የ928ና የ944 መስመር ወደ ፊት ይሄዳል። የ911 መስመር በ1981 ይቆማል። ሹትዝ ማርከር አነሳና የ911ን መስመር ከወረቀቱ አሳልፎ፣ ግድግዳው ላይ፣ እስከ በሩ ድረስ ቀጠለው። 928 በ1995 ማምረቱ ቆመ። 911 ዛሬም ይሠራል።

ለምን? እኔ እንደማስበው ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው በጣም ተራ ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ መሃሉ ባዶ ነው፤ እዚያ ሁለት ትንንሽ ወንበር ይገባል። ልጅ ይቀመጥበታል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚሄድበት ስፖርት መኪና ብዙ የለም። ሹፌሩ ወደ ኋላ በደንብ ያያል፣ ወደ ሆቴል መግቢያ ሲወጣ ሆዱ አይፋቅም። ሁለተኛው መልኩ ነው። ያ ከጣሪያው ተነስቶ እስከ ኋላ ፓራውልት ያለማቋረጥ የሚወርደው መስመር የሚያምረው ከሥሩ ሞተር ስለሸፈነ ነው። ከየትኛውም ርቀት ሰው ያውቀዋል። 928 ጥሩ መኪና ነበር፤ ሞተሩን ፊት ስላደረገ ግን ያን መስመር ሊይዝ አይችልም። ገዢዎቹ የፊዚክስ ስህተቱን ያውቁት ነበር። ስህተቱ የሠራውን መልክ ደግሞ ይወዱት ነበር። ፖርሽ ለውድድር ብቻ የሠራው የ2017ቱ 911 አርኤስአር ላይ ሞተሩን ከኋላ ጎማው ወዲህ አምጥቶታል። ለመንገድ በብዛት ለሚሸጠው ግን እስከ ዛሬ አልደፈረም።

ሸምገል ያለው ሰውዬ ሲመለስ መኪናውን አመጣሁለት። "አባቴ እንዲህ የሚጮህ መኪና ነበረው" አልኩት። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሩን ከፍቶ "እንግዲያው ትንሽ ነዳጅ ስጠው፣ ስማው" አለኝ። ሰጠሁት። ያን ቀን ቲፕ የሰጠኝ አይመስለኝም፤ ግድ አልነበረኝም።

የአሜሪካኖቹ ኮርቬት ታሪክ ደግሞ የትዕግሥት ነው። ከ1953 ጀምሮ ሞተሯ ፊት ነበር። ብራስልስ ውስጥ ከሩሲያውያን ወላጆች የተወለደው መሐንዲስ ዞራ አርኩስ ደንቶቭ ሞተሩ ወደ መሃል እንዲሄድ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ። በ1960 የሙከራ መኪና ሠርቶ አሳየ። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አለቆቹ ያዩና ያደንቃሉ፤ ግን የፊቱ ሞተር በደንብ እየተሸጠ ለምን ገንዘብ እናወጣለን ይላሉ። ደንቶቭ በ1996 ሞተ። የተቃጠለው አስከሬኑ አመድ ኮርቬት በሚሠራባት ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ፣ በኮርቬት ሙዚየም ውስጥ አርፏል። መሃል ሞተሯ ኮርቬት ይፋ የሆነችው በጁላይ 2019 ነው። መነሻ ዋጋዋ ከ60 ሺህ ዶላር በታች ነበር። እንደ እሷ ያለ ቅርጽ እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ዋጋ ነበረው።

እዚህ ላይ ገበያው ምን ያህል እንደሚያዝዝ ማየት ይቻላል። የኮርቬት ገዢ በአብዛኛው ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ጎልፍ ይጫወታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከሞተሩ ኋላ ሁለት የጎልፍ ሻንጣ የሚይዝ ቦታ እንዲኖር አደረጉ። የሚነሳው ጣሪያም እዚያው ይገባል። ለዚያ ሲባል ኋላዋ ወፈር ብሎ ረዝሟል። አንዳንድ ሰው አስቀያሚ ነው ይላል። እኔ ግን ሳየው የገዢውን ሻንጣ ነው የማየው፤ ያበጠበት ምክንያት አለው።

ዛሬ የእነዚህን ፋብሪካዎች ደመወዝ የሚከፍለው ግን በብዛት ሌላ መኪና ነው። ፖርሽ በካየን፣ ላምቦርጊኒ በኡሩስ፣ ባለ ከፍታ የቤተሰብ መኪና። ሞተራቸው ፊት ነው። አልቃወምም። ከሥራዬ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ቅዳሜ ማታ ኃላፊያችን የትኛው መኪና በር ላይ እንዲቀር፣ የትኛው ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ ይነግረናል። ካየንና ኡሩስ ይወርዳሉ። ዝቅ ያለችው መሃል ሞተር፣ ዋጋዋ ከኡሩሱ ቢያንስም እንኳ፣ በር ላይ ትቀራለች። መንገደኛው ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው እሷን ነው። ካየኑን የሚገዛው ሰው የፋብሪካውን ስም የሚወደው ምናልባት ልጅ ሆኖ እሷን ስላየ ነው።

አሁን ሞተሩ ራሱ ሊሄድ ነው። ባትሪ የትም ሊቀመጥ ይችላል፤ አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና ወለሉ ላይ ያነጥፈዋል። ለስፖርት መኪና ይህ ችግር አለው። ባትሪው ከሥር ከሆነ ሹፌሩ ከላዩ ነው የሚቀመጠው፤ ጣሪያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሎተስ በ2019 ኤቪያ የተባለውን ኤሌክትሪክ መኪናውን ሲያሳይ ባትሪውን ከወንበሮቹ ኋላ ቆልሎ አስቀመጠው። ፖርሽም በ2021 ሚሽን አር በተባለው የሙከራ መኪናው ላይ እንዲሁ አደረገ። የድሮው ሞተር በነበረበት ቦታ። ያዩ ሰዎች "ለማስመሰል ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ሹፌሩ መሬት አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ከባዱም ነገር መሃል ላይ እንዲሆን ነው። የጀሪካኑ ሕግ ቤንዚንም ይሁን ኤሌክትሪክ አይለይም። የምጠላው ከኋላው ምንም የማይቀዘቅዝ ነገር ሳይኖር በጎኑ ላይ የውሸት አየር ማስገቢያ የተለጠፈበትን ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ወንድሜም ገዝቷል። ማታ ነው፣ ካፊያ አለ፣ ከቦሌ አሁን ነድቶ መግባቱ ነው። የሰባት ዓመት ልጁ ሮጦ የፊቱን ክዳን አስከፈተና ወደ ውስጥ አየ። የቻርጀር ገመድና ባዶ ሳጥን አለ።

"አጎቴ፣ ሞተሩ የት ነው?" አለኝ።

ክዳኑን ዘጋሁትና ጋሼ እንዳሳዩኝ እጄን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩና ኋላውንም ነካሁት። እሱም ቀዝቃዛ ነው። ልጁ ተከትሎኝ መጣና ትንሽዬ እጁን ከእጄ አጠገብ አሳረፈ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ማየት ጀመረ።